ዋይ ክሮሞዞም ወዴት እየሄደ ነው?

ወንድ ልጅ ወንድ ሆኖ የሚወለደው ከአባቱ በሚወርሰው አንድ ትንሽ ክሮሞዞም ምክንያት እንደሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እምብዛም የማይነገረው ግን ዋይ የሚባለው የዚህ ክሮሞዞም ታሪክ በአመዛኙ የማጣት ታሪክ መሆኑ ነው። አቻው ኤክስ ዛሬም ከ800 በላይ ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖች ተሸክሟል። ዋይ ግን ሁለቱ እኩያ በነበሩበት ዘመን ከያዛቸው ጂኖች ያስቀረው ከመቶ ሦስት ያህሉን ብቻ ነው። «ታዲያ ጨርሶ ሊጠፋ ነው ወይ?» የሚለው ክርክር ከተነሣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ጋዜጦች የወንድ ዘር ማብቂያ አድርገው አውርተውታል፣ ተመራማሪዎችም በሁለት ጎራ ተከፍለው ተሟግተውበታል።

በእኔ እምነት ክርክሩን ያወሳሰበው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ጂኖቹ የሚጠፉት በምን ፍጥነት ነው? ክሮሞዞሙ ራሱ ከአንድ ዝርያ ተሟጦ ሊወጣ ይችላል? ቢወጣስ ወንድነት አብሮት ይጠፋል? እስካሁን የተሰበሰበው ማስረጃ ለሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም።

በዱቄት ትል ሕዋስ ውስጥ የታየው

እ.ኤ.አ. በ1891 ጀርመናዊው ኸርማን ሄንኪንግ በአንድ ቀይ ነፍሳት የዘር ሕዋሳት ውስጥ አቻ ሳያገኝ ብቻውን ወደ አንድ ወገን የሚሄድ አካል አዩ። ምንነቱ ስላልታወቃቸው ኤክስ የሚል ምልክት ሰጡት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ጉዳዩን ከጾታ ጋር በግልጽ ያገናኙት በአሜሪካ ብሪን ማር ኮሌጅ ይሠሩ የነበሩት ኔቲ ስቲቨንስ ናቸው። ስቲቨንስ በ1905 የዱቄት ትል እየተባለ የሚጠራውን፣ ሲያድግ ጥንዚዛ የሚሆነውን ነፍሳት ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ እያዩ ክሮሞዞሞቹን ቆጠሩ። በሴቷ ሕዋስ ውስጥ 20 ትልልቅ ክሮሞዞሞች ነበሩ፤ በወንዱ ደግሞ 19 ትልልቅና አንድ ትንሽ። ከወንዱ የዘር ሕዋሳት ግማሾቹ ትልቁን፣ ግማሾቹ ትንሹን ይዘው ይወጣሉ፤ ትንሹን የያዘው እንቁላሉን ካገኘ የሚፈለፈለው ወንድ ነው። ጾታ የሚወሰነው በምግብ ወይም በሙቀት ነው የሚለው የዘመኑ ግምት በዚህ ቆጠራ ተናጋ። ኤድመንድ ዊልሰንም በዚያው ዓመት ተቀራራቢ ውጤት አውጥተው ነበር። በድምዳሜው ይበልጥ ቁርጥ ያሉት ግን ስቲቨንስ ሆነው ሳለ በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ጎልቶ የቆየው የዊልሰን ስም ነው፤ ይህ ዛሬም በደንብ መታረም አለበት።

ይሁንና ትንሹ ክሮሞዞም በወንዶች ላይ መታየቱ ወንድ የሚያደርገው እሱ ነው ማለት አይደለም። በፍራፍሬ ዝንብ ጾታን የሚወስነው የኤክስ ብዛት ስለሆነ በሰውም እንዲሁ ይሆናል ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ታምኖ ነበር። ጥያቄው የተቆረጠው በ1959 ነው። ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ያላቸው ሰዎች ወንዶች፣ አንድ ኤክስ ብቻ ያላቸው ደግሞ ሴቶች ሆነው ተገኙ። በአጥቢ እንስሳት ወሳኙ የዋይ መኖር አለመኖር ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የተካሄደው በዋይ ላይ ያለውን ወሳኝ ጂን የማደን ሥራ ነበር። በ1987 የዴቪድ ፔጅ ቤተ ሙከራ ዜድኤፍዋይ የተባለ ጂን አቀረበ፤ ነገር ግን እንደ ካንጋሮ ባሉ ባለ ኪስ እንስሳት ላይ ይህ ጂን ከነጭራሹ በጾታ ክሮሞዞሞች ላይ አለመኖሩ ሲታወቅ ዕጩነቱ ቀረ። በ1990 ለንደን ውስጥ የፒተር ጉድፌሎና የሮቢን ሎቬል-ባጅ ቡድኖች ኤስአርዋይን አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ይህን ጂን የያዘች አነስተኛ የዲኤንኤ ቁራሽ ሁለት ኤክስ ባላት የአይጥ ሽል ውስጥ ሲገባ፣ የተወለደው አይጥ የዘር ፍሬ ያለው ወንድ ሆነ፤ መካን ግን ነበር። አንድ ልዩነት እዚህ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። ኤስአርዋይ ማብሪያ ብቻ ነው። የሚያበራው ሶክስ9 የተባለው ጂን በሰው በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፤ የዘር ፍሬን በመገንባቱ ሥራ ከሚሳተፉት ጂኖችም ብዙዎቹ በሌሎች ክሮሞዞሞች ላይ ናቸው።

እኩዮቹ እንዴት ተራራቁ?

ሱሱሙ ኦኖ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ኤክስና ዋይ በጥንት ዘመን ተራ ጥንድ ክሮሞዞሞች እንደነበሩ ተከራከሩ። የዘር ሕዋስ ሲሠራ ጥንድ ክሮሞዞሞች ቁራሽ ይለዋወጣሉ፤ በዚህ ልውውጥ የተበላሸው ጂን ከደህናው ተለይቶ ሊወገድ ይችላል። ከጥንዱ አንዱ ወንድ የሚያደርግ ጂን ከያዘና በዚያ ዙሪያ ልውውጡ ከተቋረጠ ግን በዋይ ላይ የደረሰ ጉድለት ሁሉ ከዋይ ጋር ታስሮ ይቀራል። ኸርማን ሙለር በ1964 እንዳስረዱት ልውውጥ የሌለው የዘር መስመር ጉድለት እየጨመረበት ይሄዳል እንጂ አይቀንስለትም። የኦኖን ሐሳብ ከሚደግፉት ማስረጃዎች አንዱ ራሱ ኤስአርዋይ ነው፤ ዛሬም በኤክስ ላይ የሚገኘው የሶክስ3 ጂን መልኩን የለወጠ ወንድም ነው።

በ1999 ብሩስ ላንና ዴቪድ ፔጅ በሁለቱም ክሮሞዞሞች ላይ የቀሩ 19 የጂን ጥንዶችን አነጻጸሩ። ኤክሱና ዋዩ ልውውጥ ካቆሙ በቆዩ ቁጥር በጥንዱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ጥንዶቹ በኤክስ ላይ ባላቸው ቦታ ተራ በተራ ሲደረደሩ ዕድሜያቸው በአራት እርከን ተከፈለ። ልውውጡ የቆመው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዘመኑ፣ ምናልባትም የክሮሞዞሙ ቁራሽ በተገለበጠ ቁጥር ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው እርከን ከ240 እስከ 320 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶት ነበር። ይህን ግምት ያፈረሰችው እንቁላል ጥላ ልጆቿን የምታጠባው የአውስትራሊያዋ ፕላቲፐስ ናት። በ2004 አምስት ኤክስና አምስት ዋይ፣ በድምሩ አሥር የጾታ ክሮሞዞሞች እንዳሏት ታወቀ። በ2008 ደግሞ እነዚህ ክሮሞዞሞች ከሰው ኤክስ ጋር ዝምድና እንደሌላቸው፣ የሚቀርቡትም ለወፎች የጾታ ክሮሞዞም እንደሆነ ተረጋገጠ። ስለዚህ የእኛ ኤክስና ዋይ የተፈጠሩት የፕላቲፐስ ወገን ከተለየ በኋላ፣ ከ166 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው። የዋይ ዕድሜ በግማሽ ተቆረጠ፤ መዘዙ ወዲያው ታየ።

«ይጠፋል» ያሉት

አውስትራሊያዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ጄኒፈር ግሬቭስ በ2002 ከጆን ኤትከን ጋር ኔቸር መጽሔት ላይ ያቀረቡት ስሌት ቀላል ነበር። ዋይ ወደ 1,500 ከሚጠጉ ጂኖች ተነሥቶ በ300 ሚሊዮን ዓመት ወደ 45 ወርዷል። በዚሁ ከቀጠለ የቀሩትን ለመጨረስ 10 ሚሊዮን ዓመት ይበቃዋል። ዕድሜው ወደ 166 ሚሊዮን ዓመት ሲታረም የመጥፋቱ ፍጥነት ጨመረ፤ የቀረው ጊዜም ወደ 4.6 ሚሊዮን ዓመት አጠረ።

የዚህ ስሌት ድክመት ቀጥተኛ መስመር መሆኑ ነው። ጂኖች በእኩል ፍጥነት አይጠፉም፤ ቢጠፉም ጉዳት የሌላቸው ቀድመው ይሄዳሉ፣ ለሕይወት የሚያስፈልጉት በተፈጥሮ ምርጫ ይጠበቃሉ። የግሬቭስ ክርክር ግን ከስሌቱ ይሰፋል፤ ነቃፊዎቻቸው ብዙ ጊዜ ይህን ያልፉታል። ዋይ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሸጋገረው በወንድ የዘር ፍሬ ብቻ ነው። በዚያ ሕዋሳት ደጋግመው ስለሚከፈሉ ስህተት ይበዛል፤ ስህተቱንም የሚያጠራ ልውውጥ የለም። ከዚህ በላይ ደግሞ በሌላ ክሮሞዞም ላይ አዲስ ማብሪያ በአጋጣሚ ቢፈጠር ዋይን አላስፈላጊ ሊያደርገው ይችላል። ይህ የክርክሩ ክፍል ከቁጥሩ ጋር አይወድቅም።

ግሬቭስ ይህን ገፍተው፣ አዲሱ ማብሪያ በአንድ የሰው ማኅበረሰብ ብቻ ቢሰራጭ ሁለት ዝርያ ሊፈጠር እንደሚችል ተናግረዋል። እንዲህ ያለው ግምት ለሰው ልጅ ሩቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ የክሮሞዞም ለውጥ ማኅበረሰቦችን ሊያራርቅ እንደሚችል የሚጠቁም ምሳሌ በእኛው ተራሮች ላይ አለ። በ2022 የታተመው የጭላዳ ዝንጀሮ ጂኖም ጥናት በሰሜን ተራሮች ያሉት ጭላዳዎች ከማዕከላዊዎቹ በተለየ 7ኛው ክሮሞዞማቸው ለሁለት እንደተከፈለ አሳይቷል፤ አጥኚዎቹም ልዩነቱ የሁለቱን መዳቀል ሊያውክ እንደሚችል ጽፈዋል። ለውጡ የጾታ ክሮሞዞምን አይነካም፤ ነገሩ በአጥቢዎች የማይደረግ እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

«አይጠፋም» ያሉት

የተቃራኒው ጎራ ማዕከል የዴቪድ ፔጅ ቤተ ሙከራ ነው። በ2003 ይህ ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ የሰውን ዋይ ዋና ክፍል ሲያነብ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ክሮሞዞሙ ላይ ስምንት ግዙፍ ትይዩ ጥንዶች አሉ፤ የአንዱ ክንድ ጽሑፍ ተገልብጦ በሌላው ክንድ ላይ ይገኛል፣ የሁለቱ ተመሳሳይነትም 99.97 በመቶ ይደርሳል። አንዱ ክንድ ላይ ያለ ጂን ሲበላሽ በሌላው መሠረት ይታረማል። ዋይ ከኤክስ ጋር ያጣውን ልውውጥ በከፊል ከራሱ ጋር ያደርጋል ማለት ነው። የወንድ ዘር ለማምረት የሚያስፈልጉ በርካታ ጂኖች የሚገኙትም በእነዚህ ክንዶች ላይ ነው።

ይህ ጥበቃ ዋጋ አለው። ተመሳሳይ የሆኑት ክንዶች አንዳንዴ በስህተት ተያይዘው በመካከላቸው ያለውን ቁራሽ ይቆርጣሉ። በዚህ መንገድ ከሚከሰቱት ሁሉ የታወቀው 3.5 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት የሚያጠፋ ጉድለት ሲሆን፣ ከ4,000 ወንዶች አንዱን ያህል ያጋጥማል፤ የዘር ምርትንም ያቋርጣል ወይም በጣም ያሳንሳል። በቤተ ሙከራ የዘር ሕዋሱን እንቁላል ውስጥ በመርፌ በማስገባት ልጅ ማግኘት ሲቻል፣ የሚወለደው ወንድ ልጅ ጉድለቱን ይወርሳል። ሐኪሞች ይህን ለወላጆች አስቀድመው በግልጽ ሊነግሩ ይገባል።

በ2011 ማንችስተር ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የክሮሞዞም ጉባኤ ግሬቭስና የፔጅ ባልደረባ ጄኒፈር ሂዩዝ ፊት ለፊት ተከራክረው ተሰብሳቢው ድምፅ ሲሰጥ እኩል ለእኩል ተከፈለ። በዓመቱ ሂዩዝና ባልደረቦቻቸው የሰውን ዋይ ከሬሰስ ጦጣ ዋይ ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱ ወገኖች ከተለያዩበት ከ25 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ የሰው ዋይ ካጣቸው ጥንታዊ ጂኖች የተገኘው አንድ ብቻ ነው። መጥፋቱ ቆሟል ባይባል እንኳ እጅግ ቀንሷል።

ለምን ቀነሰ ለሚለው የተሻለው መልስ በ2014 ከሁለት የተለያዩ ቡድኖች መጣ። በዋይ ላይ የቀሩት ጥንታዊ ጂኖች እንዲሁ ዕድለኛ ሆነው የተረፉ አይደሉም። ብዙዎቹ በመላ አካል ውስጥ የሚሠሩ፣ የሌሎች ጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠሩና መጠናቸው በግማሽ ቢቀንስ ጉዳት የሚያስከትሉ ናቸው። ሜሪ ላየን በ1961 እንዳሳዩት በሴት አጥቢ ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ይዘጋል፤ በዋይ ላይ አቻ ያላቸው የኤክስ ጂኖች ግን በብዛት ከዚህ መዘጋት ያመልጣሉ። ወንዱም ሴቷም ሁለት ሁለት ቅጂ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ኤክስ ብቻ ይዘው ከሚጸነሱት ሽሎች አብዛኞቹ ሳይወለዱ የሚጨናገፉት በእነዚሁ ጂኖች እጥረት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ማስረጃ ለእኔ ከትይዩ ክንዶቹ ይልቅ ይከብዳል፤ የዋይን ጉዳይ ከወንድ ዘር ምርት አውጥቶ ወደ ልብ፣ ወደ ደምና ወደ አንጎል ያሰፋዋልና።

ያም ሆኖ ከአንድ የዘር መስመር የተገኘ መረጋጋት ለአጥቢዎች ሁሉ ዋስትና አይሆንም። የቺምፓንዚ ዋይ በ2010 ሲነበብ ከሰው ጋር የማይዛመደው ክፍል ከ30 በመቶ በላይ ሆኗል፤ ከተለያየን ገና ወደ ስድስት ሚሊዮን ዓመት ነው።

ዋይ የሌላቸው ወንዶች

ክሮሞዞሙ ከአንድ ዝርያ ጨርሶ ሊወጣ ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ «ወጥቷል» ነው። በካውካሰስና በመካከለኛው እስያ ምድር ውስጥ የሚኖሩ ኤሎቢየስ የተባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ውስጥ ዋይም ኤስአርዋይም የሌላቸው ዝርያዎች አሉ። በአንዱ ዝርያ ወንዱም ሴቷም አንድ ኤክስ ብቻ፣ በሌሎቹ ወንዱም ሴቷም ሁለት ኤክስ ይይዛሉ። ወንዶቹ ግን ወንዶች ናቸው፣ ይራባሉ። በ2016 በኔዘርላንድ ኢራስመስ የሕክምና ማዕከል እስከአጥናፍ ሙሉጌታና ባልደረቦቻቸው የሁለት ኤሎቢየስ ዝርያዎችን ጂኖም አንብበው፣ የጥቂት የዋይ ጂኖች ቅሪት በወንዱም በሴቷም ውስጥ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ዋይ ከመጥፋቱ በፊት የተወሰነ ንብረቱ ወደ ሌላ ክሮሞዞም ተዛውሯል ማለት ነው። ኤስአርዋይን የተካው ማብሪያ ግን በእነዚህ ዝርያዎች አልተለየም።

በጃፓን አማሚ ደሴት በምትኖረው እሾሃማ አይጥ ላይ ግን ፍለጋው ፍሬ አፍርቷል። ይህች እንስሳ በመጥፋት አደጋ ላይ ያለችና በሕግ የተጠበቀች ስለሆነች ናሙና ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ የአሳቶ ኩሮይዋ ቡድን የወንዶቹንና የሴቶቹን ጂኖም ፊደል በፊደል አነጻጽሮ በወንዶች ሁሉ ያለ፣ በሴቶች ግን የሌለ አንድ ልዩነት ለየ። ልዩነቱ 17,000 ያህል ፊደላት ያለው የዲኤንኤ ቁራሽ መደገሙ ነው፤ ያለውም ከሶክስ9 ጂን አጠገብ ነው። ቁራሹ ጂን አይደለም፤ ጂኑ ምን ያህል እንዲሠራ የሚያዝ ክፍል ነው። ይኸው ድግግሞሽ በቤተ ሙከራ አይጥ ላይ ሲሠራ፣ ሁለት ኤክስ ባላቸው ሽሎች ውስጥ የሶክስ9 ምርት ከፍ አለ። ውጤቱ በ2022 ታተመ። ማብሪያው ተለወጠ፤ የሚበራው ሥራ ግን ያው ነው።

በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሞኒካ ዋርድ ቡድን ደግሞ ጥያቄውን በሙከራ ገፋው። በ2014 ከዋይ ሁለት ጂኖች ብቻ የቀሩላቸው አይጦች፣ በ2016 ደግሞ አንድም የዋይ ጂን የሌላቸው አይጦች በቤተ ሙከራ እርዳታ ልጅ ወለዱ። እርዳታው ባይኖር አይወልዱም ነበር፤ ስለዚህ ሙከራው ዋይ ትርፍ ነው አይልም። የሚለው ሥራው በሌሎች ጂኖች ሊሸፈን ይችላል ነው። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ዋይ ሲጠፋ ወንድነት ይጠፋል ወይ የሚለው፣ በእነዚህ ማስረጃዎች «አይጠፋም» የሚል ግልጽ መልስ አግኝቷል።

ሙሉው ንባብና የናሙናው ጉዳይ

እስከ 2023 ድረስ ከሰው ዋይ ከግማሽ በላዩ አልተነበበም ነበር። ተደጋጋሚ ጽሑፍ ስለሚበዛበት የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ያነቡት የነበረው በቁርጥራጭ ነው። በዚያ ዓመት የአንድ ሰው ዋይ ሙሉ ንባብ ወጣ፤ 62,460,029 ፊደላትና ከቀድሞው ንባብ ያመለጡ 41 ጂኖች ተገኙበት። አብዛኞቹ ግን የአንድ ጂን ድግግሞሾች ስለሆኑ «ዋይ ጂን ጨመረ» ብሎ መጻፍ ያሳስታል። በተመሳሳይ ጊዜ የ43 ወንዶች ዋይ ሲነጻጸር ትንሹ 45.2 ሚሊዮን፣ ትልቁ 84.9 ሚሊዮን ፊደላት ሆኖ ተገኘ። በጤናማ ወንዶች መካከል እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት መኖሩ የዋይ መጠንና የዋይ ጤና አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል። በ2024 የታላላቅ ጦጣዎች ጾታ ክሮሞዞሞች ሙሉ ንባብ ሲጨመር፣ ኤክሶቻቸው ከሰው ኤክስ ጋር ከ90 በመቶ በላይ ሲገጥሙ ዋዮቻቸው የገጠሙት ከ14 እስከ 27 በመቶ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚመለከት ክፍተት አለ። በ2002 ኦርኔላ ሴሚኖና ባልደረቦቻቸው ኢትዮጵያውያንና የደቡብ አፍሪካ ኮይሳን ሕዝቦች በሰው ዋይ የዘር ሐረግ እጅግ ጥንታዊ የሆኑ ቅርንጫፎችን እንደሚጋሩ አሳይተዋል። የ43ቱ ወንዶች ናሙና ግን በአመዛኙ የተወሰደው ከ1000 ጂኖም ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ በአፍሪካ ምድር የሰበሰበው ከናይጄሪያ፣ ከጋምቢያ፣ ከሴራሊዮንና ከኬንያ ሲሆን የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ የለበትም። የዋይን የለውጥ ፍጥነት ለመለካት ጥንታዊ ቅርንጫፎች ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ ናቸው፤ የሌሉበት መለኪያ ሙሉ ሊባል አይችልም።

በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ

ከዝርያ ታሪክ ጋር መደባለቅ የሌለበት ሌላ መጥፋት አለ። ወንዶች ሲያረጁ ከደም ሕዋሳቸው አንዳንዱ ዋይን ይጥላል። ክስተቱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ ለብዙ ጊዜ የተቆጠረው ግን ጉዳት እንደሌለው የእርጅና ምልክት ነበር። በ2019 ከ200,000 በላይ የብሪታንያ ወንዶችን ያካተተ ጥናት ከአምስቱ በአንዱ ላይ አገኘው፤ በ70 ዓመት ዕድሜ ከአሥሩ አራት ያህሉ ላይ ይታያል። ታዲያ የልብ ሕመም መንስኤ ነው ወይስ የእርጅና ምልክት ብቻ? በ2022 የደም ሕዋሳቸው ዋይ እንዲያጣ የተደረጉ አይጦች ልብ በጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ ተወርሮ ደከመ፤ ይህ ወደ መንስኤነት ያጋድላል። በሰው ላይ ግን ሲጋራ ማጨስና ዕድሜ ራሳቸው ዋይ ማጣትንም የልብ ሕመምንም ስለሚያበዙ ሁለቱን መለየት ገና ጥናት ይፈልጋል።

ልውውጡን ማን አስቆመው?

ወደ መጀመሪያው ቋጠሮ ስንመለስ፣ ኤክስና ዋይ ልውውጥ ለምን አቆሙ? ከሮናልድ ፊሸር 1931 ጽሑፍ ጀምሮ የነገሠው ማብራሪያ ለወንድ የሚጠቅሙ፣ ለሴት ግን የሚጎዱ ጂኖች ከወንድነት ማብሪያው አጠገብ ተሰብስበው መቅረታቸው ስለሚበጅ ልውውጡ ቆመ ይላል። የጋፒ ዓሣ ወንዶች ደማቅ ቀለም፣ ሴትን እየማረከ ለአዳኝ የሚያጋልጠው፣ ዋናው ምሳሌ ነው። በአጥቢዎች ላይ ግን እነዚህ ጂኖች ልውውጡ ከመቆሙ በፊት በቦታው እንደነበሩ የሚያሳይ ቀጥተኛ ማስረጃ የለም፤ ከቆመ በኋላም ሊሰበሰቡ ይችላሉና።

በ2022 ቶማ ሌኖርማንና ዴኒ ሮዝ ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ንድፍ የጾታ ቅራኔውን ከመነሻው አወጣው። ቁራሽ በአጋጣሚ ይገለበጣል፤ ጥቂት ጉድለት ብቻ የያዘ ከሆነ ይሰራጫል። ከዚያ በዋይ ላይ ያሉ ጂኖች የመሥራት ኃይላቸው መዳከም ሲጀምር የኤክሱ አቻ ለማካካስ ይበረታል። ሁለቱ አንዴ በዚህ መንገድ ከተያያዙ ልውውጡን መመለስ ጎጂ ይሆናል። በቀድሞው ንድፍ መካካሱ የሚመጣው ከጂኖቹ መጥፋት በኋላ ነው፤ በአዲሱ ግን ከመጥፋቱ በፊት ነው። ይህን በሰው ዋይ ላይ መፈተን አይቻልም፤ ጂኖቹ ከሄዱ ቆይተዋል።

ሊፈተንበት የሚችል ወጣት ዋይ ያለው የአማሚዋ አይጥ ዘመድ ላይ ነው። በኦኪናዋ ደሴት የምትኖረው እሾሃማ አይጥ ዋይዋን አላጣችም፤ እንዲያውም ከሌሎች ክሮሞዞሞች የመጣ አንድ ጥንድ በኤክሷና በዋይዋ ላይ ተጣብቆ ሁለቱም ተልቀዋል። በአንድ ወገን ሥር ካሉ ሦስት ዝርያዎች ሁለቱ ዋይ አጥተዋል፣ ሦስተኛዋ አሳድጋዋለች። በአዲሱ ቁራሽ ላይ ጂኖቹ ገና ከመጥፋታቸው በፊት መዳከም ጀምረው ከሆነ፣ የኤክሱ አቻዎቻቸውም ከወዲሁ በርትተው ከተገኙ፣ ሚዛኑ ወደ ሌኖርማንና ሮዝ ያጋድላል፤ ካልሆነ የፊሸር ሐሳብ በቦታው ይቆያል።